ኩረጃ ምንድን ነው? ከአጤሬራ እስከ 422

ጅማ ውስጥ ተማሪ ከሚበዛባቸው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ተራዬን ስጠብቅ፣ አንድ ተመራቂ ፍላሽ ይዞ ገባ። «ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም በእኔ ስም ቀይሪልኝ፤ ውስጥ ደግሞ ባሕር ዳር የሚለውን በሙሉ ጅማ አድርጊው» አላት ጸሐፊዋን። ልጅቷ ሁለት ሦስት ቁልፍ ተጫነች፤ ኮምፒውተሩም እንደ ታዘዘው ሁሉንም ተካ። ገጽ ሦስት ላይ ስትደርስ ሳቋ አመለጣት። «በጣና ሐይቅ ዳርቻ የምትገኘው ጅማ ከተማ» ይላል። እኛ ያለን የአዌቱ ወንዝ ነው፤ እሱንም ሐይቅ ብሎ የጠራው ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ልጁ አላፈረም፤ «ጣናን አውጪው» አለ በቃ። ይሄ ኩረጃ አይሆንም ወይ ብዬ ስጠይቀው ከልቡ ተገረመ። «ኩረጃ ፈተና ላይ ነው እንጂ!»

መልሱ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ምክንያቱም በቋንቋችን ልማድ ከሄድን ልጁ አልተሳሳተም። ኩረጃ ሲባል ሁላችንም የምናስበው የተቀመጠበትን ወንበር፣ የተዘረጋውን አንገት፣ የፈታኙን ጫማ ድምፅ ነው። ቃሉ ራሱም ለዘብ ያለ ነው። የጎረቤቱን መልስ የወሰደን ተማሪ «ሰረቀ» አንለውም፤ «ኮረጀ» እንለዋለን። «አስኮረጀ» ስንል ደግሞ ነገሩ ጭራሽ የቸርነት ቃና ይይዛል፤ ከ«አበላ»ና ከ«አጠጣ» ጎን ይሰለፋል። «ተኮራረጁ» ሲሆንማ «ተረዳዱ»፣ «ተደጋገፉ» የሚሉትን ይመስላል። በዚህ ሰዋስው ያደገ ልጅ ወረቀቱን የሚሸፍነውን ጓደኛውን «ስስታም» ቢለው አይገርምም። እኔ ራሴ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ የሒሳብ ፈተና ላይ ክንዴን አጥር አድርጌ ጽፌ፣ ሳምንት ሙሉ የሚያናግረኝ አጥቼ ነበር። በሚቀጥለው ፈተና ክንዴን አነሣሁ።

እንግዲህ ቃሉን ሰፋ አድርገን እንያዘው። ኩረጃ ማለት ያልሠሩትን ሥራ እንደ ሠሩት አድርጎ ማቅረብ ነው። የጎረቤት መልስ፣ የሌላ ሰው ምዕራፍ፣ በገንዘብ የተጻፈ መመረቂያ፣ ማንም ሳይጠየቅ የተሞላ መጠይቅ፣ አራቱም እዚህ ይገባሉ።

የመጀመሪያውን ሁሉም ስለሚያውቀው ብዙ አልቆይበትም። አጤሬራ የምንላት፣ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ ብጣሽ ወረቀት ነበረች፤ ዛሬ ቦታዋን ስልክ ወስዶታል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሾልኮ መሰረዙ ይታወሳል። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ የተደረገው ደግሞ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኑ። የቀድሞው ውጤት ሁሉ ኩረጃ ነበር ማለት አይደለም፤ የትምህርቱም ጥራት አለበት። ቢሆንም ወንበሩ ሲራራቅና ስልኩ በር ላይ ሲቀር ምን እንደሚፈጠር አገር አይቶታል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመውጫ ፈተና መጣና ጥያቄው ወደ ተመራቂዎችም ዞረ።

ከባዱ ከፈተና ክፍል ውጭ ያለው ነው። ከሌላ ሰው ጽሑፍ መውሰድ በራሱ ነውር የለበትም፤ ሳይጠቅስ የሚጽፍ ምሁር የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንኳ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ምንጩ እንዲገለጽ ግን ይጠይቃል። ነውሩ የሚጀምረው ምንጩ ሲደበቅ ነው። ቃሉን እዚህም እዚያም ቀያይሮ ሐሳቡን እንዳለ ማስቀረትም ከዚያው ይመደባል። ብዙዎች የሚከራከሩኝ ስለ ትርጉም ነው። ከእንግሊዝኛ አንድ ምዕራፍ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ የመለሰ ተማሪ «ለፍቻለሁ» ይላል። ለፍቷል፤ ልፋቱ ግን የተርጓሚ ልፋት ነው። ሐሳቡን ያፈለቀው ሰው ስም ካልተጻፈ ሥራው ተወስዷል።

«ማሽን ያወጣው የለ ወይ?» የሚል አይጠፋም። ተርኒቲንን የመሰሉ ፕሮግራሞች ጽሑፉን ካከማቹት ጋር ያነጻጽሩና የተመሳሰለውን በመቶኛ ይሰጣሉ። መቶኛው ጥቆማ ብቻ ነው። ሠላሳ በመቶ የሚታየው የማጣቀሻ ዝርዝሩና የተለመዱ ሐረጎች ተደማምረው ሊሆን ይችላል፤ አምስት በመቶ ያሳየው ደግሞ ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ የተወሰደ ሊሆን ይችላል። አማርኛ ላይ ሲደርስ ጉዱ ይበልጣል። «ሥራ»ን «ስራ»፣ «ዓመት»ን «አመት»፣ «ጸሐፊ»ን «ፀሀፊ» አድርጎ መጻፍ ለእኔና ለእናንተ የፊደል ምርጫ ነው፤ እነዚህን አንድ አድርጎ እንዲያይ ላልተነገረ ማሽን ግን ሌላ ቃል ነው። የፊደል ገበታችን ሳያስበው ለኮራጅ መደበቂያ አበጅቷል። በዚያ ላይ ኅዳር 2015 ዓ.ም. ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ የሚመሳሰል ጽሑፍ መፈለጉ ብቻ አይበቃም። ከማንም ያልተቀዳ፣ ተማሪውም ያልጻፈው ገጽ ይወጣል፤ አንዳንዴም የሌለ መጽሐፍ ከነገጹ ተጠቅሶበት።

ከሁሉ የሚረቀው ግን መረጃ መፍጠር ነው፤ ጅማ ላይ ይህን ማንሳት ግድ ይላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ተቋሙ ተዋሕደው ሲመሠረት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ ይዟል። ተማሪ መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት ይሄዳል፣ ይጠይቃል፣ ይጽፋል። ደግ ትምህርት ነው፤ አድካሚም ነው። የትም ይማር የት፣ አንድ ተማሪ በኅዳር ወደ ገጠር ቀበሌ ወጣ እንበል። ወቅቱ የቡና ለቀማ ነው። በሩን ያንኳኳል፤ ያለችው አንዲት አሮጊት ናት፤ የምትናገረው አፋን ኦሮሞ ነው፤ እሱ አይችልም፤ አስተርጓሚው ደግሞ ቀርቷል። ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የቀሩትን ሃያ ቅጾች ራሱ ቢሞላ ማን ያውቅበታል?

የሚያውቅ አለ። ዕድሜን እንውሰድ። በአገራችን ዕድሜውን የተጠየቀ ሰው፣ በተለይ ልደቱ ያልተመዘገበ ጎልማሳ፣ «አርባ ይሆነኛል መሰለኝ» ብሎ ይገምታል። ስለዚህ የእውነት መረጃ 30፣ 35፣ 40፣ 45 ላይ ክምር ይሠራል፤ የሕዝብ ጥናት ባለሙያዎች ክምሩን አሳምረው ያውቁታል። ዛፍ ሥር የተቀመጠው ልጅ ግን እውነት እንዲመስልለት 27፣ 33፣ 41፣ 38 እያለ ይበትናል። መረጃው ከእውነቱ ይልቅ የተስተካከለ ይሆንና ያጋልጠዋል። ሃያውም ቅጽ በአንድ እስክሪብቶ፣ አንድም ስርዝ ሳይኖርበት መሞላቱም እንዲሁ።

መከላከያው ብዙ ጊዜ ቅጣት ብቻ ተደርጎ ይታሰባል፤ ከውጤት መሰረዝ እስከ መሰናበት የሚደርስ። እኔ እንደማየው ትልቁ መከላከያ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ እሱንም በመጨረሻው ቀን ሳይሆን አማካሪው ገና ረቂቁን ሲያይ። አማካሪው የአንድን ተማሪ ሦስት ረቂቆች ካነበበ አራተኛው በሌላ ሰው እጅ ሲጻፍ አይጠፋውም። ችግሩ አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ ተሸክሞ ነው የሚያነበው የሚለው ነው።

አንድ ቁጥር ልንገራችሁ፤ 422። ለጥናቱ የሚጠየቁት ሰዎች ብዛት ነው። የአገራችንን የጤና መመረቂያ ጽሑፎች ያገላበጠ ሰው ስታነሡለት ፈገግ ይላል። ቁጥሩ ስሕተት የለበትም። የሚፈለገው ነገር በሕዝቡ ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ ካልታወቀ 50 በመቶ ተብሎ ይያዛል፤ በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን ሲሰላ 384 ሰው ይመጣል፤ መልስ ለማይሰጡት አሥር በመቶ ሲጨመር 422 ይሆናል። የሠራው ተማሪ ይህን በግማሽ ደቂቃ ይናገረዋል። የገለበጠው ግን ቁጥሩን እንጂ መንገዱን አላገኘውም።

አንዴ የመመረቂያ ጽሑፎች ሲገመገሙ ተቀምጬ ስሰማ፣ ገምጋሚው ተራ በተራ 422 ከየት እንደ መጣ ይጠይቅ ነበር። የመጀመሪያው ልጅ «ከመጽሐፍ ነው» አለ፤ የቱ መጽሐፍ ሲባል ዝም። ቀጥላ የቀረበችው ልጅ ስሌቱን ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ሳትጠየቅ ጨመረች፦ «ያሰብኩት 422 ነበር፤ ያገኘሁት 391 ነው። ሁለቴ ተመልሼ ሄጃለሁ፤ የቀሩት ቡና ለቀማ ላይ ነበሩ።» ገምጋሚው ወረቀቱን አጠፈና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፈ።