የአድቬንት አክሊልና የገለባው ግርግም

አድቬንት ካቶሊኮች፣ ሉተራውያንና አንግሊካኖች ከዲሴምበር 25 ገና በፊት ያሉትን አራት እሑዶች የሚቆጥሩበት ወቅት ነው። ለኖቬምበር 30 በሚቀርበው እሑድ ስለሚጀምር ርዝመቱ በየዓመቱ ይለያያል፤ ሲያጥር 22፣ ሲረዝም 28 ቀን።

የሻማው አክሊል የመጣው ከጀርመን ነው። ቄስ ዮሐን ሂንሪሽ ቪሸርን በ1833 እ.ኤ.አ. ሐምቡርግ ላይ ለድሃ ልጆች ማሳደጊያ ከፍተው ነበር። ልጆቹ ገና መቼ እንደሚደርስ እየጠየቁ ቢያስቸግሯቸው፣ በ1839 በጋሪ ጎማ ላይ ሻማ ደረደሩላቸው ይባላል፤ ለአዘቦቱ ትንንሽ ቀይ፣ ለእሑድ ትልልቅ ነጭ። ቅጠሉ ኋላ የተጨመረ ነው።

ለቤት 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የገለባ ቀለበት ይበቃል። የጥድ ቅርንጫፍ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይቆረጥና፣ ሦስት አራቱ አንድ ላይ ተይዞ፣ ጫፉ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያይ በቀጭን ሽቦ ይታሰራል። የሚቀጥለው እስር የፊተኛውን ግንድ ይሸፍናል። መቁረጡ የትልቅ ሰው፣ እያስተካከሉ ማቀበሉ የልጅ ድርሻ ነው።

ብዙ ቤት የሚሳሳተው በሻማው ነው። ከአክሊሉ አራት ሻማዎች በየእሑዱ አንድ እየተጨመረ ይበራል፤ የመጀመሪያው አራቱንም ሳምንት የሚነድ ስለሆነ፣ በየምሽቱ 15 ደቂቃ ቢበራ በ28 ቀን 7 ሰዓት ይፈጃል። ቀጭን ሻማ በሰዓት 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካለቀ ከ17 ሴንቲ ሜትር በላይ ሄደ ማለት ነው፤ አጭር ሻማ የገዛ ሰው በሦስተኛው እሑድ ጉቶ ይቀረዋል። 25 ሴንቲ ሜትር ያለው ይሻላል። ካቶሊኮች ሦስት ሐምራዊና ለሦስተኛው እሑድ አንድ ሮዝ ያደርጋሉ፤ ጀርመን ቤት አራቱም ቀይ መሆኑ የተለመደ ነው።

ሙቀት ባለበት ክፍል ጥዱ በሁለት ሳምንት ይደርቃል፤ ሙጫ ስላለው ከተቀጣጠለ አያዝም። ቅጠሉ ሲታጠፍ ቀጭ ካለ ይለወጥ። ትንንሽ ልጆች ካሉ ቀለበቱን መተውና ሻማዎቹን በአሸዋ በተሞላ ሰፊ የብረት ትሪ ላይ መትከል ይበጃል።

ከአክሊሉ ጎን የሚሄደው ሌላው ልማድ ግርግም ነው። ባዶ የካርቶን ሳጥን ይቀመጣል፤ ልጁ በጎ ሥራ በሠራ ቁጥር አንድ ሰበዝ ገለባ ይጨምራል። የማን ገለባ እንደሆነ መቁጠር ከተጀመረ ግን ነገሩ የወንድምና የእህት ፉክክር ይሆናል፤ ስለዚህ ገለባው ሰው ሳያይ ይገባል። ሥራውም የሚጨበጥ ይሁን፦ ለአዛውንት ጎረቤት ምግብ ማድረስ፣ የጠበበች ግን ያልተቀደደች ሹራብን አጥቦ መስጠት። የተሰበረ መጫወቻ ማራገፍ ስጦታ አይባልም። ወደ እርዳታ ድርጅት የሚወሰድ ካለ አስቀድሞ መደወል ነው፤ በዲሴምበር ልብስ ሞልቷቸው ዘይትና ሩዝ ያጠራቸው ይሆናል።

በውጭ ያሉ ኦርቶዶክሳውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸው አክሊሉን ከትምህርት ቤት ይዘውት ሲመጡ ቀኑ አይገጥምላቸውም፤ የእኛ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ በልደት፣ ጃንዋሪ 7፣ ይፈታል። ለዚህ አራት ሻማ መዋስ የግድ አይደለም። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ የሚውሉት ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ የሚል የራሳቸው ስም አላቸው። ግርግሙ ግን እንዳለ ይሠራል፤ ገለባው ብቻ በጾሙ ቀናት ልክ 44 ይሁን፣ ልደት ታኅሣሥ 28 በሚውልበት ዓመት 43።