ክሎ ደ ቩዦ፦ አጥሩ አንድ፣ አፈሩ ብዙ

ክሎ ደ ቩዦ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ቡርጎኝ በሚባለው ግዛት የሚገኝ የቀይ ወይን ማሳ ነው። ከዲዦን ከተማ ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሄዱ ያገኙታል። ስፋቱ 50 ሄክታር ያህል ሲሆን ዙሪያውን በድንጋይ ካብ ታጥሯል። "ክሎ" ማለት ራሱ የታጠረ ቦታ ማለት ነው። ቩዦ ደግሞ የመንደሩ ስም ነው፤ በአጠገቡ ከምታልፈው ቩዥ ከምትባል ትንሽ ወንዝ የመጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

50 ሄክታር ሲባል ብዙ ላይመስል ይችላል። ቡርጎኝ ውስጥ ግን ትልቅ ነው። እዚያው አካባቢ ያለው፣ በዓለም ውድ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ሮማኔ ኮንቲ ሁለት ሄክታር እንኳ አይሞላም። ክሎ ደ ቩዦን የሚለየው ሌላው ነገር ባለቤቶቹ ናቸው። 80 ያህል ናቸው። አንዳንዱ ያለው ጥቂት መስመር ወይን ብቻ ነው። ሁሉም ግን ጠርሙሳቸው ላይ የሚጽፉት ያንኑ አንድ ስም ነው፣ ደረጃውም ለሁሉም አንድ ነው፤ ግራን ክሩ፣ ማለትም በቡርጎኝ ሕግ የመጨረሻው ከፍተኛ ማዕረግ። ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው።

ፈረንሳዮች "ቴሯር" የሚሉት ቃል አላቸው። አፈሩን ብቻ አይደለም፤ ተዳፋቱን፣ ፀሐዩን፣ ነፋሱን፣ ዝናቡ ወርዶ የሚሄድበትን መንገድ ሁሉ አንድ ላይ ይጠቀልላል። የይርጋጨፌ ቡናና የሐረር ቡና አንድ ነው የሚል ሰው እኛ አገር አይገኝም፣ ቴሯርም በዚያው መንገድ ቢታሰብ ይገባል። ልዩነቱ ቡርጎኞች የሚቆጥሩት ከአውራጃ ወደ አውራጃ ሳይሆን ከመስመር ወደ መስመር መሆኑ ነው። ድንበሯ የታወቀ እያንዳንዷን ቁራሽ መሬት "ክሊማ" ይሏታል። ዩኔስኮ በ2015 የቡርጎኝን ክሊማዎች በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ቁጥራቸው 1,247 ነበር።

አሁን ወደ ማሳው እንግባና ከላይ ወደ ታች እንውረድ። ማሳው ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው፣ የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ያገኘዋል። ዳገት የሚባል አይደለም፤ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ያለው የከፍታ ልዩነት ቢበዛ ሃያ ምናምን ሜትር ነው። ላይ፣ በማሳው ውስጥ ካለው አሮጌ ግንብ ቤት አጠገብ፣ አፈሩ ስስ ነው። ግማሽ ሜትር ሳይቆፈር የኖራ ድንጋይ ይገኛል። ጠጠር ስለበዛበት ዝናብ ቢዘንብም ውኃው አያድርበትም፣ ሰርጎ ይሄዳል፣ ሐረጉም ሥሩን በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ወደ ታች እየላከ ነው የሚጠጣው። መሐል ላይ የሸክላ አፈርና የተሰባበረ የኖራ ድንጋይ ይቀላቀላሉ። ታች፣ አስፋልቱ ዳር ሲደረስ፣ አፈሩ አንድ ሜትር ወደሚጠጋ ጥልቀት ይወፍራል። ከላይ ታጥቦ የወረደው ሁሉ የተከማቸው እዚያ ነው። ቡናማ ነው፣ ከባድ ነው፣ ዝናብ ሲበዛ ውኃ ይቋጥራል። ዋልካ መሬት ላይ በክረምት የሄደ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ወይን ደግሞ ጥጋብ የሚስማማው ተክል አይደለም። ወፍራምና እርጥብ አፈር ላይ ቅጠሉ ይበዛል፣ ፍሬው ይነፋል፣ ጣዕሙ ይቀጥናል። በአካባቢው ባሉ ሌሎች መንደሮች እንዲህ መንገድ ዳር ድረስ የወረደ መሬት በአብዛኛው ግራን ክሩ አይባልም፤ ግራን ክሩ የሚባለው ወገቡ ላይ ያለው ነው። ክሎ ደ ቩዦ ግን ከላይ እስከ ታች በሙሉ ማዕረጉን ይዟል። ምክንያቱ አፈሩ ሳይሆን አጥሩ ነው። አጥሩን የሠሩት ደግሞ መነኮሳት ናቸው።

የሲቶ ገዳም የተመሠረተው በ1098 ነው። የሲስተርሲያን ሥርዓት የሚባለው የካቶሊክ የምንኩስና ሥርዓት የተነሣውም ከዚያ ነው። ገዳሙ ያረፈበት ሜዳ ረግረጋማ ስለነበር ለወይን አልሆነም። መነኮሳቱ ለቅዳሴም ለገበታም ወይን ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ በ12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተዳፋቱ ሄደው በስጦታም በግዢም በልዋጭም መሬት ማሰባሰብ ጀመሩ። ቁርጥራጩን ሰፍተው አንድ ማሳ እስኪያደርጉት ሁለት መቶ ዓመት ፈጀ። ካቡ ተጠናቆ ማሳው የተዘጋው በ1336 ነው። ይህ ትዕግሥት ሁልጊዜ ይገርመኛል። መሬቱን መሰብሰብ የጀመሩት ሰዎች የልጅ ልጅ ሊሆኑ የሚችሉት እንኳ አጥሩን ሳያዩ ነው ያለፉት።

ግንቡ ውስጥ ዛሬም መጭመቂያዎቻቸው ቆመዋል። አራት ናቸው፤ ከወፋፍራም የኦክ ግንድ የተሠሩ። አንዱ አግዳሚ ግንድ ብቻውን የቤት ጣሪያ የሚሸከም ይመስላል። ዘለላው ከታች ይከመራል፣ ግንዱ በእንጨት ብሎን ቀስ እያለ ይወርድበታል፣ ጭማቂው በቦይ ወደ ገንዳ ይሄዳል። አሁን አይሠሩባቸውም፤ ግን ሰው በሸክምና በጉልበት እንዴት ይህን ያህል ወይን ይጨምቅ እንደነበር ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ።

መነኮሳቱ ከማሳው ሦስት ዓይነት ወይን ይጠምቁ ነበር ይባላል፦ የላዩ ለሮም ሊቃነ ጳጳሳት፣ የመሐሉ ለነገሥታት፣ የታችኛው ለራሳቸው ለመነኮሳቱ። አፈ ታሪክ ነው፤ ሆኖም የማሳው ላይና ታች አንድ እንዳልሆነ የአገሩ ሰው ከጥንት ማወቁን ያሳያል። የላዩንም የታቹንም ቀላቅለው አንድ ወይን ያደርጉት ነበር የሚሉም አሉ። እኔ ለዚህኛው አደላለሁ፤ ማሳው አንድ ባለቤት በነበረው ጊዜ የአንዱን ጉድለት በሌላው መሙላት ይቻል ነበርና።

ያ ዘመን በፈረንሳይ አብዮት አበቃ። የቤተ ክርስቲያን ንብረት ተወረሰ፣ ማሳው በ1791 ተሸጠ። ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሳይከፋፈል ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ከ19ኛው መቶ ዘመን ባለቤቶቹ መካከል ኡቭራር የሚባለው ቤተሰብ ይታወቃል። የተበታተነው በ1889 ለበርካታ ነጋዴዎች ሲሸጥ ነው። እነሱ ሸጡት፣ ለልጆች ተላለፈ፣ ልጆችም ተካፈሉ። የፈረንሳይ የውርስ ሕግ ለልጆች ስለሚያካፍል ማሳው በየትውልዱ እየተቆራረጠ 80 ባለቤት ላይ ደረሰ። ሕጋዊ የስያሜ ጥበቃ በ1937 ሲሰጠው ስያሜውን የሰጠው ኮሚቴ አጥሩን ተከተለ፣ ከውስጥ ያለው ሁሉ ግራን ክሩ ሆነ። ግንቡን ደግሞ ከ1944 ጀምሮ የያዘው በ1934 የተቋቋመው የታስትቫን ባላባቶች ማኅበር ነው። ስሙን ያገኘው ወይን ቀማሾች ከሚይዟት ታስትቫን ከምትባል ጠፍጣፋ የብር ስኒ ነው። ስኒዋ ውስጧ ጎርበጥበጥ ያለ ነው፤ በጨለማ ምድር ቤት ውስጥ የሻማው ብርሃን ጉብታዎቹ ላይ ሲያርፍ የወይኑ ቀለም ጥራቱ ይለያል።

ወይኑስ? የሚሠራው ከአንድ ዓይነት ፍሬ፣ ከፒኖ ኗር ነው። የእኛ የዝዋዩ ሪፍት ቫሊ ጠርሙስ ላይ የሚነበቡት ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን ከደቡብና ከምዕራብ ፈረንሳይ የመጡ ናቸው፣ ጠቆር ያለና ወፈር ያለ ወይን ይሰጣሉ። ፒኖ ኗር ቆዳው ስስ ነው፣ ቀለሙም ሳሳ ይላል፣ ብርሃን ያሳልፋል። ፀባዩ አስቸጋሪ ነው፤ ውርጭ፣ ሻጋታ፣ ከልክ ያለፈ ሙቀት ሁሉ ይጎዳዋል። የተተከለበትን መሬት ግን እንደ እሱ አጉልቶ የሚያሳይ ወይን ብዙ የለም። ለቀማው በእጅ ነው። ጭማቂው ከነቆዳው ይፈላል፣ ወደ ላይ የሚንሳፈፈው ቆዳ በቀን አንዴ ሁለቴ ወደ ታች ይደፈቃል፣ ከዚያ 228 ሊትር በሚይዝ የኦክ በርሜል ውስጥ ዓመት ወይም ዓመት ከመንፈቅ ይቀመጣል። ምርቱ በሕግ የተገደበ ነው፤ መነሻው በሄክታር 35 ሄክቶ ሊትር፣ ማለትም 3,500 ሊትር። በአንድ ሄክታር 10,000 ያህል ሐረግ ስለሚተከል፣ አንድ ሐረግ ዓመቱን ሙሉ ተገርዞ፣ ታስሮ፣ ተኮትኩቶ የሚሰጠው ግማሽ ጠርሙስ አይሞላም።

ጥሩ ክሎ ደ ቩዦ በልጅነቱ ዝግ ነው። ሻይ ሲከር ምላስ ላይ እንደሚቀረው ዓይነት ጎምዛዛነት አለው፤ ታኒን የሚሉት እሱን ነው። ጎረቤቱ ሚዚኚ ገና ሲከፈት ሽታው ይማርካል፣ ይሄኛው ግን ሥጋ ያለው፣ ጠንከር ያለ፣ የሚያስጠብቅ ወይን ነው። አሥር ዓመት ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ሃያ። ሲበስል የጥቁር ቼሪ፣ የአበባ፣ ዝናብ የነካው አፈርና የእንጉዳይ ሽታ ያወጣል። ከታች የመጣና በግዴለሽነት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ወፍራም ብቻ ይሆናል፤ አፍ ይሞላል እንጂ አይዘልቅም። ሁለቱም ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው፣ ዋጋቸውም ቢሆን ሁልጊዜ ልዩነቱን አይነግርም።

ስለዚህ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከማሳው ስም ይልቅ የአምራቹን ስም ይመልከት። አንዳንድ አምራቾች የቁራሿን ስም ጭምር ይጽፋሉ፤ ለምሳሌ በላይኛው ክፍል ያለችው ግራን ሞፔርቱዊ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ አለ። ሻቶ ደ ላ ቱር ከባለቤቶቹ ሁሉ ሰፊውን መሬት የያዘ ነው፣ ወይኑንም እዚያው አጥሩ ውስጥ ይጠምቃል። ታች መሬት ያለው አምራችም ቢሆን አይናቅ። ምርቱን ቀንሶ፣ ውኃውን በቦይ አስወጥቶ፣ በጊዜው የሚለቅም ሰው ከሰነፍ የላይ ባለቤት የተሻለ ወይን ያወጣል።

ደግሞ አየሩ እየተለወጠ ነው። ቡርጎኝ ውስጥ ለቀማ ድሮ ከነበረው ቀደም ብሎ ይጀመራል፣ አንዳንድ ዓመት ነሐሴ ሳያልቅ። በ2016 እና በ2021 ሚያዝያ ላይ ደግሞ ገና የበቀለውን እምቡጥ ውርጭ መታው፤ ገበሬዎች ጎህ ሲቀድ እርጥብ ጭድ እያነደዱ በጭስ ሊከላከሉት ሞክረዋል። በሞቃትና ደረቅ ዓመት ላይኛው ስስ አፈር ቶሎ ይደርቃል፣ ሐረጉ ይጠማል፣ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ታች ያለው፣ ለዘመናት ሲታማ የኖረው ወፍራም ሸክላ ግን ያቆረውን ውኃ ይዞ ይቆያል።