«የመላእክት ድርሻ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ስኮትላንድ ሄዶ የውስኪ ፋብሪካ የጎበኘ ሰው ይህን አባባል ሳይሰማ አይወጣም። «የመላእክት ድርሻ» ይላሉ። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ስፔይሳይድ በሚባለው አካባቢ፣ ጣሪያው ዝቅ ባለ አሮጌ የድንጋይ መጋዘን ውስጥ ነው። ወለሉ አፈር ነው። በርሜሎቹ ሁለት ሦስት ሆነው ተደራርበው ጨለማው ውስጥ ተኝተዋል። አስጎብኚያችን ገና በሩ ላይ ስልካችንን አስጠፋችን። አየሩ ውስጥ የአልኮል ትነት ስላለ እሳት የሚጭር ነገር አይገባም። ከገባን በኋላ ዝም ብለን አየሩን እንድንስብ ነገረችን። ቫኒላ ይሸታል፣ እርጥብ እንጨት ይሸታል፣ የበሰለ ፍሬ ይሸታል። «አሁን የሳባችሁት የመላእክት ድርሻ ነው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውስኪ በርሜል ውስጥ ተቀምጦ ሲከርም ይተናል። የትነቱ መጠን በስኮትላንድ በዓመት በአማካይ 2 በመቶ ገደማ ነው። በርሜሉ አልተሰበረም፣ አልፈሰሰም፣ ማንም አልሰረቀም። ግን ሲከፈት ጎድሎ ይገኛል። ይህን ወደ ላይ የሄደውን ነው መላእክት ወሰዱት የሚሉት።

እንዳይተን ለምን አይደፈንም? አይቻልም፤ ቢቻልም ውስኪ አይሆንም። ከመዳቡ ጋን ተጣርቶ የሚወጣው መጠጥ እንደ ውሃ ንጹሕ ነው፣ ቀለም የለውም። ቀለሙንና አብዛኛውን ጣዕሙን የሚሰጠው ኦክ የተባለው እንጨት ነው። ኦክ ደግሞ ይተነፍሳል። አየር ያስገባል፣ ትነት ያስወጣል። ጣዕም የሚሰጠው እንጨት ራሱ ነው ድርሻውን የሚያስወስደው። ሕጉም ከዚህ መንገድ መውጣት አይፈቅድም። «ስኮች» ለመባል ውስኪው እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል፣ ቢያንስ 3 ዓመት መቀመጥ አለበት።

ወረቀት ላይ ላስላው። 250 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሞልተን በዓመት 2 በመቶ እየቀነስን እንሂድ። በ5 ዓመት ውስጥ አንድ አሥረኛ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሄዷል። አሥራት በሉት። በ12 ዓመት የሚቀረው 196 ሊትር ገደማ ነው። በ25 ዓመት ደግሞ 150 ሊትር አካባቢ ብቻ። የቆየ ውስኪ ዋጋው ለምን ሰማይ እንደሚነካ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም። ገዢው የሚከፍለው ጠርሙሱ ውስጥ ላለው ብቻ አይደለም፤ ላልደረሰውም ጭምር ነው።

ስኮትላንድ ቀዝቃዛና እርጥብ አገር ስለሆነች ከውሃው ይልቅ አልኮሉ ቀድሞ ይሄዳል። ስለዚህ ውስኪው በቆየ ቁጥር ጥንካሬው ይቀንሳል። ከ40 በመቶ በታች ከወረደ ስኮች ተብሎ ሊሸጥ አይችልም። ለዚህ ነው የረጅም ዘመን በርሜሎችን ቶሎ ቶሎ እየለኩ የሚጠብቋቸው። በአሜሪካው ኬንታኪ፣ ሞቃትና ደረቅ በሆኑት የመጋዘን ላይኛ ፎቆች ነገሩ ይገለበጣል፤ ውሃው ቀድሞ ስለሚተን የቀረው መጠጥ ይበረታል። ሞቃታማዋ ሕንድ ውስጥ ደግሞ ባንጋሎር ያሉ ጠማቂዎች በዓመት 10 በመቶና ከዚያም በላይ ያጣሉ።

አባባሉ የስኮትላንድ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዮች ኮኛክ ሲያስቀምጡ ያንኑ ቃል በቋንቋቸው «ላ ፓር ዴዛንዥ» ይላሉ። መላእክት ከመጠጥ ጋር ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ አይጠፋም። የመጠጡ ታሪክ ራሱ ወደ ገዳም ይወስዳል። በስኮትላንድ መንግሥት የሒሳብ መዝገብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1494 የሰፈረ አንድ መስመር አለ። በንጉሡ ትእዛዝ ለመነኩሴው ጆን ኮር 8 ቦል ብቅል ተሰጠ ይላል። ቦል የጥንት የእህል መስፈሪያ ነው። ብቅሉ የተሰጠው በላቲን «አኳ ቪቴ»፣ ማለትም የሕይወት ውሃ እንዲያወጣበት ነው። የአገሬው ሰዎች በጌሊክ ቋንቋቸው ያንኑ «ኡሽከ ባሃ» አሉት። ውስኪ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በግዕዝ ብንለው ማየ ሕይወት መሆኑ ነው። ከመነኮሳት እጅ ለወጣ፣ የሕይወት ውሃ ተብሎ ለተጠራ መጠጥ፣ የሚጎድለውን ለመላእክት መስጠት ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም።

መላእክቱ ደግሞ ምልክት ይተዋሉ። የእነዚህን መጋዘኖች ግድግዳ ያየ ሰው ቃጠሎ የደረሰባቸው ይመስለዋል። ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ነገር ድንጋዩንና በአካባቢው ያሉትን ዛፎች ይሸፍናል። በትነቱ የሚኖር ፈንገስ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ባውዶይኒያ ኮምፕኒያሴንሲስ ይባላል። ባውዶይኒያ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1872 በፈረንሳይዋ ኮኛክ ከተማ ስለ እሱ በጻፈው በአንቶናን ቦዱዋን ስም ነው፤ ሁለተኛው ቃል ደግሞ የኮኛክን ከተማ ያመለክታል። ድሮ የግብር ሰዎች ተደብቆ የሚጠመቅ መጠጥ ሲፈልጉ የቤቱን ግድግዳ ያዩ ነበር ብለው የሚያወሩም አሉ።

ስለ ግብር ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን በጣም ስላስደሰተኝ። የመጠጥ ቀረጡ የሚከፈለው ውስኪው ከመጋዘን ሲወጣ ነው እንጂ በርሜሉ በተሞላ ቀን አይደለም። በተፈጥሮ ለተነነው ቀረጥ አይጠየቅም። የመላእክትን ድርሻ መንግሥትም አይነካውም።

ይህ ሁሉ ለሐበሻ ጆሮ ሩቅ አይደለም። እዚያ «ሞልት» እያሉ የሚያሳዩን ነገር ብቅል ነው፣ የገብስ ብቅል። ውሃ ይነከራል፣ ይበቅላል፣ ይደርቃል። ድፍድፉ ይቦካል፤ ከዚያ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ይላል። አክስቴ አረቄ ስታወጣ ያየሁት ነው። መዳቡ በሸክላ፣ የብረት ቧንቧው በመቃ ይተካ እንጂ ሥራው አንድ ነው። ሁለቴ የወጣውን አረቄ እኛ «ዳግም» እንለዋለን። የስኮትላንድ ሞልት ውስኪም አብዛኛው ዳግም ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ አረቄ እንደወጣ ይጠጣል፤ በርሜል ውስጥ ዓመታት አይጠብቅም። ስለዚህ ለሚተነው ስም ማውጣት አላስፈለገንም።

ለመላእክት ድርሻ መስጠት ግን እናውቃለን። በወር በ12 የሚካኤል ጠላ ይጠመቃል፣ ዳቦ ይደፋል። የሚጠጣው ጎረቤትና መንገደኛ ነው፤ ስሙ ግን የሚካኤል ነው። እዚያ በርሜሉ ፊት ቆሜ ያሰብኩት ይህንን ነበር። ኪሳራ ብለው ሊጠሩት ይችሉ ነበር። እንደ ሌባ ሊቆጥሩት ይችሉ ነበር። ድርሻ አሉት። ድርሻ ያለው ደግሞ አብሮ ማዕድ የቀረበ ነው። ልጁ የሚከፍተውን በርሜል አባት ሞልቶ ለሚተውበት ሥራ፣ ይህ ቃል ሰውን ሳይመረር እንዲጠብቅ የሚያደርግ ይመስለኛል።

ለመሄድ ላሰባችሁ አንድ ምክር አለኝ። ቅምሻውን ብቻ ሳይሆን መጋዘኑን የሚያሳይ ጉብኝት ምረጡ። መኪና የሚነዳው ሰው ደግሞ አይቅመስ። ስኮትላንድ ከታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሽከርካሪ የሚፈቀደውን የአልኮል መጠን ከሌላው የብሪታንያ ክፍል አሳንሳለች፤ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 50 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ለሹፌሩ ድርሻውን በትንሽ ጠርሙስ ቀድተው ይሰጡታል፣ ማታ ማረፊያው ደርሶ እንዲቀምስ።

የዚያን ቀን ሹፌሩ እኔ ነበርኩ። ትንሿን ጠርሙስ ሳልከፍታት ለአክስቴ አመጣሁላት። በመጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ አሸተተች። «ብቅሉ አልጠፋም» አለች። 12 ዓመት የተቀመጠ መሆኑን፣ ከአምስት እጅ አንዱ ለመላእክት መሄዱን ነገርኳት። አልሳቀችም። ዕድሜዋን ሙሉ የሚካኤልን ዝክር ያወጣች ሴት ናት። ትንሽ አሰበችና «የትኛው መልአክ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።