ኤፍፒሲ ምንድን ነው? በባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥ የኮዋላን ምግብ የሚወስነው ኬሚካል

በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ደን ውስጥ ሁለት ባሕር ዛፎች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። ዝርያቸው አንድ ነው፤ የበቀሉበት አፈርም አንድ ነው። ኮዋላው ግን ወደ አንዱ እየተመላለሰ ይበላል፤ ሌላውን ቀመስ አድርጎ ይተወዋል። ለሰው ዓይን የማይታየው የዚህ ልዩነት ዋነኛ ምክንያት ብዙ ጊዜ ኤፍፒሲ በሚል አጭር ስም የሚታወቅ የኬሚካሎች ቤተሰብ ነው።

ሙሉ ስሙ ፎርሚሌትድ ፍሎሮግሉሲኖል ውህድ ይባላል። ሲደሮክሲሎናል፣ ማክሮካርፓል እና ጄንሰኖን የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ከ700 በላይ ከሚሆኑት የባሕር ዛፍ ዝርያዎች ሁሉም አይሠሩትም። ሲምፊዮሚርተስ በተባለው ትልቅ ንዑስ ወገን ውስጥ የተለመደ ሲሆን፣ ሞኖካሊፕተስ ይባል በነበረው ወገን ውስጥ ግን አይገኝም። የሚሠሩት ዝርያዎችም ቢሆኑ መጠኑ ከዛፍ ዛፍ እጅግ ይለያያል። ከአንድ እናት ዛፍ ፍሬ የበቀሉ ችግኞች በብዛት የተመሳሰለ መጠን መያዛቸው ልዩነቱ በዘር የሚወረስ መሆኑን ያሳያል።

ባሕር ዛፍን ለምናውቀው ሁሉ በመጀመሪያ የሚታወሰን ጠረኑ ነው። ለጉንፋን ስንታጠነው አፍንጫ የሚከፍተው ሽታ በዋናነት የሚመጣው ሲኒዮል ከተባለ ዘይት ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ከእንስሳት የሚጠብቀው ይኸው ዘይት ነው ብሎ መገመት ተፈጥሯዊ ነበር፤ ሳይንቲስቶችም ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን የጣሉት በዘይቱ ላይ ነበር። በ1990ዎቹ ዊሊያም ፎሊንና ኢቫን ሎውለርን ጨምሮ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ልጆቻቸውን በከረጢት የሚያሳድጉትን ቅጠል በል እንስሳት ወደ ሙከራ አስገቡ። ሪንግቴይልና ብረሽቴይል የተባሉት ሁለት የፖሰም ዝርያዎች ከቅጠሉ ምን ያህል እንደሚበሉ የሚወስነው በዋናነት ኤፍፒሲ እንጂ ዘይቱ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ።

ኤፍፒሲ እንስሳውን የሚያስቆመው እንዴት ነው? በማቅለሽለሽ ነው። ይህ የተረጋገጠበት መንገድ በጣም ያስደንቀኛል። ኦንዳንሴትሮን በካንሰር ሕክምና ወቅት የሚከሰተውን ማቅለሽለሽ ለማስታገስ ለሰዎች የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ተመራማሪዎቹ ይህንኑ መድኃኒት ለፖሰሞቹ ሰጥተው ጄንሰኖን የተቀላቀለበት መኖ አቀረቡላቸው። መድኃኒቱን የወሰዱት ካልወሰዱት የበለጠ በሉ። እንስሳው ገና ሳይመረዝ ሆዱ ያስጠነቅቀዋል ማለት ነው፤ ሰውነቱ ሊሸከመው የሚችለው መጠን ላይ ሲደርስ መብላቱን ያቆማል። ኤፍፒሲ የበዛበት ዛፍ ላይ የወጣ ፖሰም ወይም ኮዋላ እዚህ ገደብ ላይ የሚደርሰው ሳይጠግብ ነው።

ታዲያ የዘይቱ ሚና ምንድን ነው? በብዙ ዛፎች ውስጥ ሲኒዮልና ኤፍፒሲ አብረው ይጨምራሉ፣ አብረውም ይቀንሳሉ። ኤፍፒሲ ሽታ የለውም፤ ሲኒዮል ግን ከሩቅ ይሸታል። እንስሳው በልቶ ካቅለሸለሸው በኋላ ሕመሙን ከሽታው ጋር ያያይዘዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ብርቱ ሽታ ሲገጥመው ይጠነቀቃል። ይህም ተፈትኗል። ጄንሰኖን የሌለበትን ሲኒዮል እየለመዱ የቆዩ ፖሰሞች ሽታውን መፍራት ትተው ብዙ ሲኒዮል ያለበትን መኖ መብላት ጀመሩ፤ ለጄንሰኖን ያላቸው ጥንቃቄ ግን አልተለወጠም።

እኛ ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው ዝርያ የአውስትራሊያ ግዛቶች የሆኑት የታዝማንያና የቪክቶሪያ ተወላጅ ነው፤ ኤፍፒሲ ከሚሠሩት መካከልም ነው። በትውልድ ቦታው በታዝማንያ በዚሁ ዝርያ ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ፖሰሞች እንደ ችግኙ የዘር ሐረግ አንዱን አብዝተው ሲበሉ ሌላውን ሲያልፉ ታይቷል።

ሌላው የቅጠሉ መከላከያ ታኒን ነው። ታኒን ከፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ እንዳይፈጭ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ቅጠሉ ውስጥ ፕሮቲን መኖሩ ብቻውን ትርጉም የለውም፣ ወሳኙ እንስሳው ሊጠቀምበት የሚችለው ድርሻ ነው። በሰሜን ኩዊንስላንድ ደን በተደረገ ጥናት፣ በሚኖሩበት አካባቢ ለሰውነት የሚውል ናይትሮጅን (ፕሮቲን የሚሠራበት ንጥረ ነገር) የበዛላቸው የብረሽቴይል እናቶች በመውለድም ልጅ በማሳደግም የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። የቅጠል ኬሚስትሪ የእንስሳውን የመራባት ዕድል ጭምር ይነካል ማለት ነው።

ኮዋላ ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚኖረው ሰውነቱ ለዚሁ ሥራ ስለተዘጋጀ ነው። በ2018 ይፋ የሆነው የዘረመል ጥናት መርዝ የሚያከሽፉ የጉበት ኢንዛይሞችን የሚያሠሩት ጂኖቹ መብዛታቸውን አሳይቷል። ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝመው ዕውር አንጀቱ ቅጠሉን የሚያብላሉ ባክቴሪያዎች ማደሪያ ነው። ግልገሉ ወተት ብቻ ከመጥባት ወደ ቅጠል ሲሸጋገር እናቱ የምታወጣውን ለስላሳ ልዩ ኩስ ይበላል፤ ባክቴሪያዎቹን የሚወርሰው በዚህ መንገድ ነው። ዘይቱን ማክሸፍም ዋጋ አለው፤ ሲፈርስ የሚፈጠረውን አሲድ በሽንት ለማስወገድ ውድ ናይትሮጅን አብሮ ይባክናል። አብዛኛውን ቀን በእንቅልፍና በዕረፍት የሚያሳልፈው ከእንዲህ ያለ ምግብ የሚያገኘው ጉልበት ጥቂት ስለሆነ ነው።

ከሙከራ ቤት ውጭስ? በ2005 ቤን ሙርና ዊሊያም ፎሊ ያወጡት የፊሊፕ ደሴት ጥናት፣ ኮዋላዎች ትልልቅና ኤፍፒሲ ያነሰባቸውን ዛፎች አዘውትረው እንደሚጎበኙ አሳይቷል። አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ደን በሙሉ ምግብ አይደለም። ለኮዋላ መኖሪያ ሲከለል የዛፉን ዝርያና ብዛት ብቻ ቆጥሮ መወሰን አደገኛ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በዚያው ልክ ኤፍፒሲ ሁሉን አይገልጽም። በ2013 በቪክቶሪያ ኬፕ ኦትዌይ ኮዋላዎች በጣም በዝተው ማና ገም የተባለውን ተመራጭ ዛፋቸውን አራቆቱት፤ ብዙዎቹም በረሃብ አለቁ። በአቅራቢያቸው ሜስሜት የተባለው ባሕር ዛፍ ነበር፤ ይህ ዝርያ ኤፍፒሲ ከማይሠራው ወገን ነው፣ ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ነው። አብዛኞቹ ኮዋላዎች ወደ እርሱ አልዞሩም። በ2019 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች ሜስሜት ከሚበሉ ኮዋላዎች ኩስ የተዘጋጀ እንክብል ማና ገም ብቻ ለሚበሉት ሰጡ። የአንጀት ባክቴሪያቸው ይበልጥ የተለወጠላቸው ኮዋላዎች ሜስሜትንም አብዝተው መብላት ጀመሩ።