«እንግሊዝ እንዲያየው»፦ የአንድ የብራዚል አባባል ትርጉምና አመጣጥ

ብራዚላውያን ለይስሙላ የተሠራ ነገር ሲያዩ «ፓራ ኢንግሌስ ቬር» ይላሉ። «እንግሊዝ እንዲያየው» ማለት ነው። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተብሎ የፊት ለፊቱ ግድግዳ ብቻ ቀለም ሲቀባ፣ ወይም ማንም የማያከብረው ደንብ ወጥቶ ሲለጠፍ ይቺን አባባል ጣል ያደርጋሉ። እኛ «ለታይታ» የምንለው ነው። ግን እንግሊዝ እዚህ ውስጥ ምን አስገባት?

ታሪኩ እንዲህ ነው። ብራዚል በ1822 ከፖርቱጋል ነፃ ወጣች (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አዲስ አገር ዕውቅና ትፈልጋለች፣ በዚያ ዘመን ደግሞ የእንግሊዝን ያህል ክብደት ያለው አልነበረም። እንግሊዝ በበኩሏ ከአፍሪካ ባሪያ መጫን ይቁም ብላ ጫና አደረገች። በ1826 ስምምነት ተፈረመ። ኖቬምበር 7 ቀን 1831 ደግሞ ሕግ ወጣ፦ ከእንግዲህ ከውጭ ወደ ብራዚል የሚገባ ባሪያ ሁሉ ነፃ ነው።

ወረቀቱ ይህን አለ። ግን በፓራይባ ሸለቆ የቡና እርሻ እየሰፋ ነበር፣ ባለርስቶቹ ጉልበት ይፈልጉ ነበር፣ ሹሙም ዳኛውም የምክር ቤት አባሉም ብዙ ጊዜ ወይ ራሱ ባለርስት ነው ወይ የባለርስት ዘመድ። ስለዚህ መርከቦቹ ሰዋራ የባሕር ዳርቻ እየፈለጉ ሰው ማራገፍ ቀጠሉ። ከሕጉ በኋላ ከ700,000 በላይ አፍሪካውያን በዚህ መንገድ ገብተዋል። በሕጉ መሠረት ሁሉም ነፃ ሰዎች ነበሩ፤ ልጆቻቸውም እንደዚያው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የአባባሉን መነሻ ወደ 1808 የሚወስዱም አሉ። የፖርቱጋል ንጉሣዊ ቤተሰብ ከናፖሊዮን ሸሽቶ በእንግሊዝ መርከቦች ታጅቦ የብራዚሏ ሳልቫዶር ሲደርስ ከተማዋ በመብራት ደምቃ ነበር፣ ልዑሉም «እንግሊዞች ይዩት» አለ ይባላል። እኔን የሚያሳምነኝ የ1831ዱ ነው። ሕጉ ገና ከጅምሩ ለማታለል ወጣ የሚለውን ግን አልቀበልም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚገባው ሰው ቁጥር በእርግጥ ቀንሶ ነበር። ሕጉን የይስሙላ ያደረጉት ኋላ ላይ እያዩ ዝም ያሉት ናቸው። ንግዱ የቆመው የእንግሊዝ የጦር መርከቦች የብራዚል ወደቦች ድረስ ገብተው የባሪያ መርከቦችን መያዝና ማቃጠል ሲጀምሩ፣ በሴፕቴምበር 1850ም ሌላ ሕግ ሲወጣ ነው። ያኛው በሥራ ላይ ዋለ።

የ1831ዱ ሕግ ግን አልተሻረም ነበር። እዚህ ላይ ነው ሉዊዝ ጋማ የሚመጣው።

ጋማ በ1830 ሳልቫዶር ተወለደ። እናቱ ነፃ የወጣች አፍሪካዊት ነበረች፤ እሱም ሲወለድ ነፃ ነበር። የገዛ አባቱ፣ ነጭ ሰውዬ፣ በ10 ዓመቱ ሸጠው። ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ባሪያ ሆኖ አደገ። ፊደል የቆጠረው በ17 ዓመቱ ነው፣ ያስተማረውም በዚያው ቤት ተከራይቶ ይኖር የነበረ ተማሪ። ከዚያ ነፃ ሆኖ መወለዱን የሚያሳይ ማስረጃ አግኝቶ ከዚያ ቤት ወጣ። የሕግ ዲግሪ ባይኖረውም እየተፈቀደለት ፍርድ ቤት ይቆም ጀመር። ይዞት የሚቀርበው ደግሞ ያንን አቧራ የጠጣ የ1831 ሕግ ነው። «ይህ ሰው የመጣው ከ1831 በኋላ ነው፤ ስለዚህ ነፃ ነው፤ ሕጋችሁ ይኸው» ነው የክርክሩ ፍሬ ነገር። ዳኞቹ በጣም ተቸገሩ፣ ምክንያቱም ሕጉ ውሸት ነው ማለት አይችሉም። በዚህና በሌሎች መንገዶች ከ500 በላይ ሰዎችን ነፃ አወጣ። በ1882 ሲሞት ባርነት ገና አልቀረም ነበር። የአገሪቱ የጠበቆች ማኅበር ጠበቃ ብሎ የተቀበለው በ2015 ነው።

ባርነት በ1888 ቀረ፤ በማግሥቱ ዓመት ዘውዱም ወደቀ። ነፃ የወጡት ግን መሬትም ካሳም አላገኙም። በ1881 የወጣ ሕግ ማንበብና መጻፍ የማይችለውን ከምርጫ አግዶት ነበር፣ ሪፐብሊኩም ይህንኑ ቀጠለበት። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሰ ሰው እንዴት ይመርጣል? ብዙኃኑ ውጭ ቀረ።

አባባሏ በ1964 ሥልጣን ለያዙት ወታደሮችም ትገባለች። በ1968 ምክር ቤቱን ዘግተው ነበር፤ ከዚያ መልሰው ከፈቱት። ፓርቲም ፈቀዱ፣ ግን ሁለት ብቻ። ሕዝቡ አንዱን «አዎ»፣ ሌላውን «አዎ ጌታዬ» ባይ ፓርቲ እያለ ይጠራቸው ነበር። በ1974 ግን ያው ሕዝብ ወጥቶ ለተፈቀደው ተቃዋሚ ድምፁን ሰጠ፤ ለውድድር ከቀረቡት 22 የሴኔት መቀመጫዎች 16ቱን ወሰደ። በጃንዋሪ 1985 ደግሞ ወታደሮቹ የራሳቸውን ሰው ለመሾም ያዋቀሩት የመራጮች ጉባኤ የተቃዋሚውን እጩ ታንክሬዶ ኔቬስን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። በዚያው ዓመት፣ ከ104 ዓመታት በኋላ፣ ማንበብ የማይችሉ ብራዚላውያን የመምረጥ መብታቸው ተመለሰላቸው።