የደርሃም ማዕድን ቆፋሪዎች ታላቅ ስብሰባ

በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ደርሃም የምትባል ትንሽ የካቴድራል ከተማ አለች። በየዓመቱ በጁላይ ወር ሁለተኛው ቅዳሜ መንገዶቿ ለመኪና ይዘጋሉ። ከጠዋት ጀምሮ ከየመንደሩ የማርሽ ባንዶች ይገባሉ። ብዙዎቹ በሌሊት ተነስተው መጀመሪያ በገዛ መንደራቸው ጎዳና እየተጫወቱ ዞረዋል። ከየባንዱ ጋር በሁለት ቋሚ የተወጠረ ትልቅ የሐር ባነር አለ። የአገሬው ሰው ቀኑን «ታላቁ ስብሰባ» ይለዋል። የወጣለት ስም የደርሃም ማዕድን ቆፋሪዎች ጌይላ (በዓል) ነው። የብሪታንያን ሠራተኛ ታሪክ በአንድ ቀን ልይ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ለመረዳት «ቦንድ» የተባለውን ውል ማወቅ ያስፈልጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደርሃም ከሰል ቆፋሪ በዓመት አንዴ ለጉድጓዱ ባለቤት ይፈርም ነበር። መጻፍ የማይችለው በስሙ ፈንታ የመስቀል ምልክት ያደርጋል። አንዴ ከፈረመ ዓመቱን ሙሉ ሥራውን ጥሎ መሄድ አይችልም። ጥሎ ከሄደ ይታሰራል። የሚኖርበት ቤትም የአሠሪው ነው። ስለዚህ አድማ የመታ ሰው ሥራውን ብቻ ሳይሆን ጣራውንም ያጣል። ቶማስ ሄፕበርን የተባለ ቆፋሪ በ1830ዎቹ መጀመሪያ የመሠረተው የሠራተኛ ማህበር የተሰበረው በዚህ መንገድ ነው። ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው፣ ከነዕቃቸው ሜዳ ላይ ተጣሉ።

ጸንቶ የቆየው ማህበር የተቋቋመው በ1869 ነው። ቶሚ ራምሴይ የሚባል አዛውንት ቆፋሪ ሲያሽከረክሩት የሚንጫጫ የእንጨት መሣሪያ ይዞ ከመንደር መንደር ይዞር ነበር። ድምፁን የሰማ ይወጣል፤ እሱም ማህበር ግቡ ይላቸዋል። በ1871 የመጀመሪያው ስብሰባ ዋርተን ፓርክ በተባለ ቦታ ተደረገ። በ1872 ደግሞ ቦንዱ ቀረ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ስብሰባው የሚካሄደው ዌር ወንዝ ዳር ባለው የድሮ የፈረስ ውድድር ሜዳ ላይ ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ፣ በታላላቅ አድማዎች ወቅትና በ2020 እና በ2021 በኮቪድ ምክንያት ተቋርጦ ነበር።

ከሥራው ልማዶች ሁሉ እኔ በጣም የምወደው «ካቪል» የሚሉትን ነው። ከመሬት በታች ያለው ቦታ ሁሉ እኩል አይደለም። አንዱ ጋ ከሰሉ ወፍራምና ለመፈልፈል የሚመች ነው። ሌላው ጋ ስስ ነው፤ ከላይ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ሰውየው በጎኑ ተኝቶ ነው የሚቆፍረው። ክፍያው ደግሞ ባወጡት ልክ ነው። ታዲያ ጥሩውን ቦታ ማን ያግኝ? ለአለቃው ቢተውለት ለሚያጎበድድለት ይሰጠዋል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ዕጣ ይጣል ነበር። ዕጣው ያደረሰህ ቦታ ላይ ትሠራለህ። አለቃህን መፍራትም ማሞገስም ቦታህን አይለውጠውም። በአንድ ቦታ በፈረቃ የሚቀባበሉ ሰዎች «ማራ» ይባባሉና ገቢያቸውን ይካፈሉ ነበር። ዛሬ ጉድጓድ አይቶ የማያውቅ የደርሃም ወጣት እንኳ ጓደኛውን «ማራ» ብሎ ይጠራል።

ማህበሩ ሲጠነክር ፖለቲካው ተከተለ። በ1915 ሬድሂልስ የተባለው አዳራሽ ተከፈተ። የየጉድጓዱ ተወካዮች እዚያ እየተቀመጡ ስለሚወስኑ ሰዉ «የቆፋሪዎች ፓርላማ» አለው። በ1919 የሠራተኞች ፓርቲ የሆነው ሌበር በእንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የካውንቲ (የአውራጃ ዓይነት አስተዳደር) ምክር ቤት ያዘ፤ እሱም የደርሃም ነበር። የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ፒተር ሊ በ10 ዓመቱ ጉድጓድ የወረደ፣ በደንብ ማንበብ የተማረው ካደገ በኋላ የሆነ፣ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የሚሰብክ ሰው ነው። ለማዕድን መንደሮቹ ንጹህ ውሃ እንዲገባ ብዙ ደክሟል። በኋላ የተቆረቆረችው ፒተርሊ ከተማ በስሙ ተሰይማለች።

ባነሮቹን ግን ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ሐር ላይ በቀለም የተሳሉ ናቸው። ሁለት ሰዎች ቋሚዎቹን ይሸከማሉ። ሌሎች ከፊትና ከኋላ ገመድ ይዘው ይወጥራሉ፤ አለዚያ ነፋስ ካገኘው እንደ መርከብ ሸራ ተነፍቶ ተሸካሚዎቹን ይዟቸው ይሄዳል። በአንዳንዶቹ ላይ የጭራሮ እስር ተስሏል፤ ነጠላው ይሰበራል፣ የታሰረው እምቢ ይላል። እኛ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለውን እነሱ በሥዕል ብለውታል። የቾፕዌል መንደር ባነር ላይ ማርክስ፣ ሌኒንና ከሌበር ፓርቲ መሥራቾች አንዱ የሆነው ኬር ሃርዲ አሉ፤ መንደሩ ውስጥም በማርክስና በሌኒን ስም የተጠሩ መንገዶች አሉ። በዓመቱ ውስጥ ጉድጓድ ሰው የበላበት መንደር ባነሩን ጥቁር ጨርቅ ያለብሰው ነበር። በሜይ 1951 ኢዚንግተን ላይ በደረሰው ፍንዳታ ነፍስ አድን ሠራተኞችን ጨምሮ 83 ሰዎች ሞቱ። በጁላይ የመንደሩ ባነር ጥቁር ለብሶ ወጣ።

ሰልፉ ሜዳው ጋ ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱ ባንድ ካውንቲ ሆቴል ፊት ቆሞ አንድ ዜማ ይጫወታል። ሰገነቱ ላይ የማህበር መሪዎችና የክብር እንግዶች ቆመው ያያሉ። የሌበር ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው አትሊና ሚኒስትሩ ቤቫን ተጋብዘው መጥተዋል። በኋላ ሌበርን የመራው ቶኒ ብሌር ግን የምርጫ ክልሉ እዚያው ደርሃም ካውንቲ ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ የፓርቲ መሪ በነበረበት ጊዜ ሁሉ አልመጣም። ሰዉ ይህን አልረሳለትም፤ እኔም ሰዉ እውነት አለው እላለሁ። ኤድ ሚሊባንድ በ2012 ሲመጣ ከ23 ዓመት በኋላ የተገኘ የመጀመሪያው የሌበር መሪ ሆነ።

በ1947 ጉድጓዶቹ የመንግሥት ሲሆኑ በየደጃፉ «በሕዝብ ስም» እንደሚተዳደሩ የሚገልጽ ሰሌዳ ተተከለ። በማርች 1984 መንግሥት 20 ጉድጓዶች ይዘጋሉ ሲል ዓመት የፈጀው አድማ ተነሳ። በመንግሥት በኩል ጠቅላይ ሚኒስትሯ ማርጋሬት ታቸር፣ በሠራተኛው በኩል የቆፋሪዎች ማህበር መሪው አርተር ስካርጊል ነበሩ። መንደሮቹን ደግፈው ያቆሙት ግን ሴቶቹ ናቸው። አዳራሽ ውስጥ ትልልቅ ድስት ጥደው፣ እርዳታ ሰብስበው፣ መድረክ ላይ ወጥተው ተናግረው ቤተሰቡን አበሉ። አድማው ሳይሳካ ሲያልቅ ብዙ ቦታ ሰዉ በባንድና በባነር ታጅቦ ወደ ሥራ ተመለሰ። የደርሃም ከሰል አካባቢ የመጨረሻ ትልቅ ጉድጓድ፣ ሰንደርላንድ ውስጥ የነበረው ዌርማውዝ፣ በ1993 ተዘጋ። ቦታው ላይ አሁን የሰንደርላንድ እግር ኳስ ክለብ ስታዲየም አለ። ደጃፉ ላይ የቆፋሪ ፋኖስ ሐውልት ቆሟል።

ከሰሉ ካለቀ ስብሰባውም ያልቃል ያሉ ብዙ ነበሩ። ሰዉ ግን መምጣቱን አልተወም። በቅርብ ዓመታት ነርሶች፣ መምህራን፣ የባቡር ሠራተኞች የየማህበራቸውን ባነር ይዘው ይቀላቀላሉ። ጉድጓዳቸው ከተዘጋ አሥርት ዓመታት ያለፋቸው መንደሮች ገንዘብ አዋጥተው አዲስ ባነር ያሠራሉ። ከሰዓት በኋላ አዲሶቹ ባነሮች ወደ ካቴድራሉ ይገባሉ፤ ባንዱ በዝግታ እየተጫወተ፣ ባነሩ ከኋላው፣ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሞ። ጳጳሱ ይባርካቸዋል። በዚያ ቀን ሳይሰማ የማይቀር አንድ ዜማ አለ። ቃል የለውም። ሮበርት ሴንት የተባለ ቆፋሪ የደረሰው ለግሬስፎርድ ሟቾች ነው፤ በ1934 በሰሜን ዌልስ 266 ሰዎች ያለቁበት ጉድጓድ ነው። ዜማው ሲጀመር ሲያወሩ የነበሩት ዝም ይላሉ፣ ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ።