በጌት አታውሩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ቤተሰቦች፣ ባለፈው የካቲት 23 ከቅዳሴ በኋላ በቅጽራችን ውስጥ ያየሁትን ዝም ብዬ ለማለፍ ሞክሬ ነበር፤ አልቻልኩም። ዕለቱ የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ፣ የዓድዋም ድል በዓል ነበር። አባቶቻችን በ1888 ዓ.ም. የሰማዕቱን ታቦት ይዘው በወጡበት ቀን እኛም አምረን ደምቀን ወጥተናል። ከበሮው፣ እልልታው፣ ሽብሸባው ልብ ይሞላ ነበር። ደስ ብሎኝ ወደ ደጀ ሰላሙ ሳልፍ አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት እጄን ያዙኝ።

የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ከቋጠሮው ውስጥ አራት ጊዜ የታጠፈች ቁራጭ ወረቀት አወጡ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ አንድ የክርስትና ስም አለባት። «መምህር፣ ልጄ ወታደር ነበር። መሞቱን ነገሩኝ። የት እንደወደቀ፣ ማን እንደቀበረው ግን የሚነግረኝ አጣሁ። አስከሬን ለሌለው ሰው ፍትሐት ይደረጋል ወይ?» አሉኝ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ከኋላችን፣ ከጥዱ ሥር ሳቅ ተሰማ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ የቆሙ ወጣቶች አንድ ስልክ ከበው ያያሉ። ቪዲዮው ሜዳ ላይ የወደቁ ወታደሮችን ያሳያል፤ የቀረጸው ሰው ድምፅም ይሳለቃል። ከልጆቹ አንዱ «የእጃቸውን ነው ያገኙ!» አለ። ቅዱስ ቊርባን በተቀበለ አፍ። እኚያ እናት ሰሙት። ማንን እንደሚል አልጠየቁም፤ ወረቀቷን መልሰው አጠፏት፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ የማይወጣው ቃል በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 1 ላይ ያለው ነው፤ «በጌት ውስጥ አታውሩ፥ በአስቀሎናም አደባባይ የምስራች አትበሉ።»

ይህን የተናገረው ማነው? ዳዊት ነው። ስለ ማን? ስለ ንጉሡ ሳኦልና ስለ ልጁ ስለ ዮናታን፣ ከእነርሱም ጋር ፍልስጥኤማውያንን ሲዋጉ በጊልቦዓ ተራራ ስለወደቁት። ጌትና አስቀሎና የእነዚያ የፍልስጥኤማውያን ከተሞች ናቸው። ልብ አድርጉ፤ ዮናታን ወዳጁ ነበር፣ ሳኦል ግን ጦር የወረወረበት፣ ከዋሻ ዋሻ ያሳደደው፣ እንጀራና ዕረፍት የከለከለው ሰው ነው። አንድ አማሌቃዊ የሳኦልን ዘውድና ቢተዋ ይዞ ወደ ጺቅላግ የሮጠው ዳዊትን ደስ የሚያሰኝ መስሎት ነበር። «ጠላትህ ሞተልህ» ሊለው ነው፤ ሽልማት ጠብቋል። ዳዊት ግን ልብሱን ቀደደ። አብረውት የነበሩት ሰዎችም ሁሉ እንደ እርሱ ቀደዱ፤ እስከ ማታ ጾሙ፣ አለቀሱ። መጽሐፉ ያለቀሱላቸውን ሲቆጥር በሳኦልና በዮናታን አያቆምም። «ስለ እግዚአብሔር ሕዝብ» ይላል፤ በሰይፍ ስለወደቁት። ስማቸው ያልተጻፈው፣ ማንም ዘውዳቸውን ያላመጣላቸው ተራ ወታደሮች ማለት ነው። ዳዊት ለእነዚያም እህል ውኃ ሳይቀምስ ዋለ።

እኛስ? የወደቀው ሰው ከማን ወገን እንደሆነ ሳናጣራ እንባችን አይወርድም። ከእኛ ከሆነ «ጀግና»፣ ከዚያኛው ከሆነ «የእጁን አገኘ»። ሁለቱም እኮ በአርባ ቀናቸው ክርስትና ተነሥተው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አንገታቸው ላይ ማዕተብ ነበር ይሆናል። ባይሆንስ? የእግዚአብሔር አርአያና አምሳል አይደሉምን? ሰሎሞን «ጠላትህ ቢወድቅ ደስ አይበልህ» ያለው ለማን ነው? (ምሳ. 24፥17) የሞተ ሰው ገላ እያሳዩ መሳቅ፣ ያንንም ለሌላው መላክ፣ በጌትና በአስቀሎና አደባባይ የምስራች ማለት ነው። ልጆቼ፣ በቁጣ አይደለም የምናገረው፤ አዝኜ ነው። ያ ወድቆ ያያችሁት ልጅ እናት አለችው፤ ምናልባት ያን ዕለት ከእናንተ አሥር እርምጃ ርቃ ቆማ ነበር። ንስሐ ግቡበት። ከስልካችሁም አጥፉት።

አሁን ደግሞ ወደምወዳቸው ሰዎች ልሂድ፤ ወደ ኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች (1ኛ ሳሙ. 31)። ፍልስጥኤማውያን የሳኦልንና የልጆቹን ሬሳ በቤትሳን ቅጥር ላይ ሰቅለውት ነበር። ሠራዊቱ ተበትኗል፣ ሕዝቡ ከተሞቹን ጥሎ ሸሽቷል። በዚያ ሰዓት ከዮርዳኖስ ማዶ ያለች አንዲት ከተማ ጽኑዓን ሰዎቿን አስነሣች፤ ሌሊቱን ሁሉ ተጓዙ፣ ሬሳዎቹን ከጠላት ቅጥር ላይ አወረዱ፣ አጥንታቸውን በአገራቸው ከዛፍ ሥር ቀበሩ፣ ሰባት ቀንም ጾሙ። ይህን ለምን አደረጉ? ሳኦል በነገሠ መጀመሪያ አሞናዊው ናዖስ የእያንዳንዳቸውን ቀኝ ዓይን ሊያወጣ ከቧቸው ነበርና ነው፤ ያን ጊዜ ደርሶ ያዳናቸው ሳኦል ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሳኦል አርባ ዓመት እንደነገሠ ይነግረናል (ሐዋ. 13፥21)። ስንት ዘመን እንዳለፈ አስቡት! በዚያ ቀን ዓይናቸው የተረፈላቸው ወጣቶች ሸምግለዋል። ግን ባዩ ቁጥር፣ ማለዳ ዓይናቸውን በገለጡ ቁጥር ውለታው ፊታቸው ነው። ሳኦል በኋላ መጥፎ ሰው ሆነ ብለው አልተዉትም፤ ፍርዱን ለእግዚአብሔር ትተው ቀበሩት። ዳዊትም ሲሰማ መልእክተኞች ልኮ «በእግዚአብሔር የተባረካችሁ ሁኑ» አላቸው።

የእኛም አባቶች ይህ ሥርዓት ነበራቸው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተውን የቃኘውን ሻለቃ አስቡ፤ ስሙ በዓድዋ የተዋጉት የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። ከ120 በላይ ልጆቻችን በዚያ ብርድና ተራራ ወደቁ። ነገር ግን አንድም ምርኮኛ አልተያዘባቸውም፤ የሞቱባቸውንም በሰው አገር አልተዉም፣ ባሕር አሻግረው ወደ እናት ምድራቸው መለሷቸው። እነዚህ የእኛ የኢያቢስ ሰዎች ናቸው።

ይህን ስል ጦርነትን እያወደስኩ እንዳይመስላችሁ። ያው ዳዊት ቤተ መቅደስ ልሥራ ባለ ጊዜ እግዚአብሔር «ደም አፍስሰሃልና» ብሎ ከልክሎታል (1ኛ ዜና 28፥3)። ለወደቀ ወታደር መጸለያችንም ንጹሕ ነው ከሚል አይደለም፤ ምሕረት ያስፈልገዋልና ነው። ሐውልት ያሞግሳል። ቤተ ክርስቲያን ግን «ነፍስ ይማር» ትላለች፤ ከዚህ የሚበልጥ ለሙት የሚሰጥ ነገር እኔ አላውቅም። እኛ ግን ዓድዋ ላይ ስለወደቁት ስንፎክር እንውልና አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» ሳንደግምላቸው ወደ ቤታችን እንገባለን። ፊታውራሪ ገበየሁን በዘፈን የማያነሣ የለም፤ በጸሎት የሚያነሣው ስንቱ ነው?

እማማ፣ ለእርስዎ ያን ዕለት ያልመለስኩትን አሁን ልመልስ። አዎ፣ ይደረግለታል። ፍትሐት የሚደረገው ለነፍስ ነው፤ ነፍስ ደግሞ ከእግዚአብሔር አትጠፋም። የሞተበት ቀን ካልታወቀ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ዳዊትም የጾመው ወሬውን በሰማበት ቀን ነው። ማን ቀበረው ብለው ሌሊት እንደሚነሡ አውቃለሁ። የሙሴን ነገር ያስታውሱ፤ የነቢያት አለቃ፣ ፊት ለፊት ከእግዚአብሔር ጋር የተነጋገረው ሙሴ፣ በሞዓብ ምድር ብቻውን ሞተ። ልጆቹ አልነበሩም፣ ወገኖቹ አልከፈኑትም። «እስከ ዛሬም ድረስ መቃብሩን የሚያውቅ የለም» ይላል (ዘዳ. 34፥6)። ያ ያልታወቀ መቃብር ግን በደብረ ታቦር ከጌታ ጋር በክብር ከመቆም አልከለከለውም። የልጅዎም ቦታ ከእኛ ተሰውሯል እንጂ ከፈጣሪው አልተሰወረም። ባሕር እንኳ በውስጡ ያሉትን ሙታን ይሰጣል ተብሎ ተጽፏል (ራእ. 20፥13)፤ ያ ሜዳም ይሰጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችን። ዳዊት አልቅሶ አልቀረም። ከዓመታት በኋላ «ስለ ዮናታን ቸርነት አደርግለት ዘንድ ከሳኦል ቤት አንድ ሰው ቀርቷልን?» ብሎ ጠየቀ፤ ከሎዶባር እግሩ ሽባ የሆነውን የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን አስመጥቶ ከገበታው አስቀመጠው (2ኛ ሳሙ. 9)። በየሰፈራችን የወታደር ልጅ አለ፤ ደብተር የሌለው፣ የቤት ኪራይ የከበዳት እናት ያለችው። ለተዝካር ድንኳን የሚጣልበትን፣ በሬ የሚጣልበትን ገንዘብ እኩሌታውን ወደዚያ ብናደርገው ሟቹ አይቀርበትም።

ለሚመጣው ወር 23 ከካህናቱ ጋር ተነጋግረናል፤ በቅዳሴ ስማቸው ይነሣል። እንደዚያች እናት ቁራጭ ወረቀት ይዛችሁ ኑ፣ ዲያቆናቱ በደጀ ሰላሙ ይቀበሏችኋል። የክርስትና ስሙን ብቻ ጻፉ። በየትኛው ጦር እንደነበረ አትጻፉ። ከጥዱ ሥር የነበራችሁ ልጆችም ኑ፤ ወረቀቶቹን ከሰው እጅ ተቀብላችሁ ለካህኑ የምታደርሱት እናንተ ናችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።